ስንቁን ማን ቋጠረው?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ላይ የምትገኘው ሮብ ገበያ የስናን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ ራሱ እንደሚያመለክተው የምትታወቀው በረቡዕ ገበያዋ ነው። አካባቢው ደጋ በመሆኑ ገብሱ፣ እንግዶው፣ ድንቹና በጉ የገበሬው ሀብት ነው። ከበላይዋ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ጮቄ የብዙ ወንዞች መነሻ ሲሆን፣ ከዚያ የሚወርደው ውሃ ተሰባስቦ ዓባይን ያሳድጋል።

ከእንዲህ ያለች ትንሽ ከተማ የወጣ ሰው አዲስ አበባ ገብቶ «አገርህ ወዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የትውልድ መንደሩን ስም አይጠራም። «ደብረ ማርቆስ» ወይም «ጎጃም» ብሎ ያልፋል። ጠያቂው መንደሩን አያውቃትም ብሎ ስለሚያስብ ነው። ይሁን እንጂ የአገራችን ስመ ጥር ሰዎች የተወለዱባቸውን ቦታዎች ተከታትለን ብንመለከት፣ ብዙዎቹን የምናገኛቸው በካርታ ላይ ለመፈለግ እንኳ በሚያስቸግሩ አጥቢያዎችና የገበያ መንደሮች ውስጥ ነው። የደብረ ማርቆስ አካባቢ ደግሞ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ስለዚህ በዛሬው የሴቶችና የቤተሰብ ዓምዳችን ከዚህ ደጋ ስለወጡ ታላላቅ ሰዎች ጥቂት እናወሳለን። የሠሩትን መዘርዘር ብቻ ግን ዓላማችን አይደለም፤ እርሱ በታሪክ መጻሕፍት ተጽፏል። የእኛ ጥያቄ ወደ ጓዳ የሚመልስ ነው። እነዚህ ሰዎች ገና ልጆች ሳሉ ከቤታቸው ለትምህርት ሲወጡ ስንቁን ማን ቋጠረላቸው? ደግሞስ ስንቅ ያልተቋጠረላት ማን ነበረች?

ከእንዶዳም እስከ ለንደን

ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ አጠገብ በጎዛምን፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በምትባል አጥቢያ ነው። እናታቸው ወይዘሮ ደስታ ዓለሙ ይባላሉ። ሐዲስ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ጀምረው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተዘዋውረው ከተማሩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደው በዘመናዊ ትምህርት ቤት ገቡ። መምህርም ሆነው አገልግለዋል። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተዋጉ፤ ተማርከውም ወደ ኢጣልያ ተወሰዱና በደሴት እስር ቤት ለዓመታት ቆዩ።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተንና በተባበሩት መንግሥታት አገራቸውን ወክለው ሠርተዋል። በለንደን አምባሳደር፣ በአገር ቤትም የትምህርት ሚኒስትር ሆነዋል። ይህ ሁሉ ሹመት ዛሬ ብዙ ሰው አያስታውሰውም። የማይረሳው በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉን ያላነበበው እንኳ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶታል። ብዙ ቤተሰብ በሬዲዮኑ ዙሪያ ተሰብስቦ ያደምጠው እንደነበረ የዚያ ዘመን ሰዎች ይመሰክራሉ። ደራሲው በ1996 ዓ.ም. ሲያርፉ ከአንዲት የጎዛምን አጥቢያ ተነሥቶ አገር ያዳረሰ ስም ትተው ነው።

በደብረ ማርቆስ አካባቢ የምትገኘው ደብረ ኤልያስም እንዲሁ ትንሽ ቦታ ናት። በቅኔ ትምህርቷ ግን ስሟ ከሩቅ ይጠራል። ባለቅኔውና የቴአትር ደራሲው ዮፍታሔ ንጉሤ የተወለደው በዚያ ነው። ዮፍታሔ ቅኔውን ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ በትምህርት ቤት አስተማረ፤ ለመድረክ ድርሰት ጻፈ። ከ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ጀምሮ እስከ ዘውዱ አገዛዝ ፍጻሜ ሲዘመር የኖረው የሕዝብ መዝሙር ግጥም የእርሱ እንደሆነ ይነገርለታል። በወረራው ዘመን ተሰዶ በሱዳን ሳለም ብዕሩን አላስቀመጠም። «አፋጀሽኝ» የተባለው ተውኔቱ ስለዚያ መከራ የሚናገር ነው። በ1939 ዓ.ም. ዐረፈ።

ማንኩሳንም እንውሰድ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢ ይህችን ስም ከመጽሐፉ መጀመሪያ ያውቃታል፤ የበዛብህ የትውልድ ቦታ ሆና የተሳለችው ማንኩሳ ናት። በእውኑ ዓለም ደግሞ ገጣሚውና ደራሲው በዕውቀቱ ስዩም ከማንኩሳ የተገኘ ነው። አባቱ መምህር፣ እናቱ የካህን ቤተሰብ ልጅ ናቸው። በ2004 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ ወቅት ከየአገሩ ገጣሚዎች በተጠሩበት ዝግጅት ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ ተገኝቷል። እንግዲህ አንዲት የገጠር ከተማ አንድ ጊዜ በልብ ወለድ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በእውነት ልጇን ወደ ዓለም ላከች ማለት ነው።

የአኮፋዳው ቁራሽ

እነዚህ ሰዎች በዘመን ቢለያዩም፣ የቀደሙትን ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሐዲስም ሆኑ ዮፍታሔ የአብነት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። የአብነት ተማሪ አኗኗር ደግሞ ለአንባብያን አዲስ አይደለም። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ ከአገሩ ይወጣል። የኔታ ካሉበት ደብር ሲደርስ ከጓደኞቹ ጋር ጎጆ ይቀልሳል። ቀን ይማራል፤ በየተራውም በየመንደሩ እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። ከውሻ ጋር ይታገላል፤ ያገኘውን ከጓደኞቹ ጋር ተካፍሎ ይበላና ሌሊቱን ሲቀጽል ያድራል። የአንድ የቅኔ ተማሪ ትምህርት ዓመታትን ይወስዳል። ዜማውን፣ ቅኔውንና ትርጓሜውን ሁሉ እጨርሳለሁ ያለ ደግሞ የጉልምስና ዘመኑን እዚያው ያሳልፋል።

ይህ ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚነገረው ስለ ተማሪው ትዕግሥትና ስለ መምህሩ ሊቅነት ነው። ተገቢ ነው፤ ሁለቱም የሚመሰገኑ ናቸው። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ተማሪው በየደጁ ቆሞ ድምፁን ሲያሰማ ከጓዳ ወጥታ ቁራሹን በአኮፋዳው የምትጥልለት ማን ናት? የቤቱ እመቤት ናት። ያን እንጀራ የጋገረችው፣ ለእንጀራው እህል የፈጨችው፣ ውሃውን ከምንጭ በእንስራ የቀዳችው እርሷ ናት። በዚያን ጊዜ ወፍጮ በየመንደሩ አልነበረም። ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ ዱቄት ለማግኘት ሴቲቱ ገና ሌሊቱ ሳይነጋ ከድንጋይ ወፍጮዋ ላይ ትንበረከክ ነበር። ከዚያ ልፋት ላይ ቀንሳ ለማታውቀው ልጅ ትሰጣለች። ምናልባትም የራሷ ልጅ በሌላ አገር በሌላዋ ሴት ደጅ ቆሞ ይሆናል።

ስለዚህ በጎጃም የቅኔ ጉባኤዎች የበቀለው ሊቅ ሁሉ የሴቶችን እንጀራ በልቶ ያደገ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ስማቸውን የጻፈ፣ ቁራሹን የቆጠረ የለም እንጂ፣ እነዚያ እናቶች ሳያውቁት ትልቅ የትምህርት ድርጅት ያስተዳድሩ ነበር። ደመወዝም፣ በጀትም፣ መዝገብም አልነበረውም። አንድ ዓመት እጃቸውን ቢያጥፉ ግን ጉባኤው በተበተነ ነበር።

ስንቅ ለትምህርት ብቻ አልነበረም። በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን በብቸናና በአካባቢው ጠላትን ሲያርበደብዱ የነበሩት በላይ ዘለቀና ሌሎች የጎጃም አርበኞች በዱር በገደል የቆዩት በሶውንና ዳቦ ቆሎውን እያዘጋጁ፣ እየተሸከሙም በሚያደርሱላቸው ሴቶች ብርታት ጭምር ነው። ከእነርሱም መካከል መሣሪያ አንሥተው የተዋጉ እንደነበሩ ይታወቃል።

ሴቲቱ የት አለች?

እስካሁን የጠቀስናቸው ባለ ስሞች በሙሉ ወንዶች መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ሳትታዘቡ አልቀራችሁም። ይህ የሆነው ሴቶቹ አእምሮ ስለጎደላቸው አይደለም። አኮፋዳው ለሴት ልጅ አይሰጥም ነበር። ልጅቷ ከቤት ከወጣች የምትወጣው ለትምህርት ሳይሆን ለትዳር ነው፤ ያውም ገና በልጅነቷ።

ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ይህን በሚገባ ተመልክተውታል። በመጽሐፋቸው ውስጥ ሰብለ ወንጌል የባላባት ልጅ ብትሆንም እንደ ወንዶቹ ወደ ጉባኤ አልተላከችም። ፊደሉ ወደ እርሷ የመጣው መምህር ቤቷ ድረስ ስለተቀጠረላት ነው። ፍቅሩም፣ መከራውም የተጀመረው ከዚያ ነው። አንባቢው ለሰብለ ያለቅሳል፤ የሚያለቅሰው ስለ ፍቅሯ ነው። እኛ ግን አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ ያች ልጅ እንደ በዛብህ ዲማ ወርዳ፣ ከዚያም አልፋ ብትማር ኖሮ ምን ትሆን ነበር?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን እውነተኛ ታሪክ በጎጃም ምድር አለ። እርሱም የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ታሪክ ነው። እማሆይ ገላነሽ በጽላሎ የኖሩ፣ በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ ሴት ናቸው። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ። ልጅቷ ከአባቷ ጉባኤ አጠገብ እያደገች፣ ለወንዶቹ የሚነገረውን በጆሮዋ እየቀለበች ቅኔውን አወቀችው። አባት የልጃቸውን ችሎታ ሲያዩ «ሴት ናት» ብለው አልከለከሉም፤ አስተማሯቸው። በኋላም እማሆይ ገላነሽ ራሳቸው ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ አስተማሩ። በዚያ ዘመን በወንበሩ ላይ ሴት መምህር ተቀምጣ፣ ወንዶች ተማሪዎች ከእግሯ ሥር ሆነው ቅኔ ሲቆጥሩ ማየት እንዴት ያለ ነገር እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

ስለ እማሆይ ገላነሽ ሲወራ «ተአምር ነው» የሚሉ አሉ። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምረው የምናገኘው ተአምር ሳይሆን ሦስት የታወቁ ነገሮችን ነው። በቅርብ መምህር ነበር፤ የሚፈቅድ አባት ነበር፤ ልጅቷም ወደ ሌላ ቤት ሳትወሰድ የምትማርበት ጊዜ አገኘች። እነዚህ ሦስቱ የተሟሉላት ሌላ ልጅ በአገሩ ብትኖር ኖሮ ሁለተኛ ገላነሽ በወጣች ነበር።

ከሦስቱ አንዱ፣ ማለትም ጊዜው፣ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ለመረዳት ከዓባይ ማዶ ያለውን የቅርብ ዘመን ታሪክ እንመልከት። የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ የተወለደችው በወሎ፣ በሳይንት ነው። በአምስት ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ። ከዚያ በኋላ በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብታ ተማረች፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች፤ ለአካል ጉዳተኞች መብት ባደረገችው ሥራ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። የትነበርሽ በየአደባባዩ ስትናገር፣ ዓይነ ስውርነቷ በአካባቢዋ ከተለመደው የልጅነት ጋብቻ እንዳዳናትና የትምህርት በር እንደከፈተላት ትገልጻለች።

ይህ አነጋገር ቀላል አይደለም። አንዲት ልጅ ለመማር ዓይኗን ማጣት ካስፈለጋት፣ ዓይናቸው የሚያየው እኩዮቿ ምን አጡ? ለሙሽርነት የምትፈለገው ጤነኛዋ ልጅ ተድራ ስትሄድ፣ «ለማንም አትሆንም» የተባለችው ተምራ ለአገር ተረፈች። የገላነሽና የየትነበርሽ ታሪክ በአንድ ላይ ሲታይ የሚያስደስተውን ያህል የሚያሳዝነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉና ልማዱ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18 ዓመት፣ ለሴት ግን 15 ዓመት የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ደንግጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልዩነቱን አስወግዶ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ አጸና። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ የሚያገባ ሰው በእስራት እንደሚቀጣ ይናገራል። ልጅቷ 13 ዓመት ካልሞላት ቅጣቱ እስከ ሰባት ዓመት ይደርሳል።

ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ቢሆንም፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ሥር ሰድዶ ከቆየባቸው የአገራችን ክፍሎች አንዱ ይኸው አካባቢ መሆኑ የተሰወረ አይደለም። «ክርስትና» ተብሎ ሠርግ ይደገሳል፤ «የልጅቷ ዕድሜ ሞልቷል» ተብሎ ይመሰከራል። ወላጆችም ይህን የሚያደርጉት ልጃቸውን ጠልተው ሳይሆን «ክብሯ ሳይነካ፣ እኛም ሳንሞት ወግ እንያት» በማለት ነው። የአሳቢ ወላጅ ስሕተት መሆኑ ግን ጉዳቱን አይቀንሰውም። ሰውነቷ ሳይጠና የምትወልደው ልጅ በምጥ ትሠቃያለች፤ ፊስቱላ ለሚባለው ጉዳት ትጋለጣለች፤ ትምህርቷም እዚያው ላይ ይቆማል።

በርሊን ላይ የታየው

መንገዱ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ደግሞ ከዚሁ ከጎጃም የወጡ ሴቶች በዓለም ፊት አሳይተዋል። ነሐሴ 9 ቀን 2001 ዓ.ም. በጀርመን በርሊን ከተማ በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሴቶች 10,000 ሜትር ውድድር የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ከፊት ከነበሩት መካከል ሁለቱ የጎጃም ልጆች ነበሩ። አንዷ የደብረ ማርቆስ ተወላጅ የሆነችው መሰለች መልካሙ፣ ሁለተኛዋ ውዴ አያሌው ናት። መሰለች ልታሸንፍ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት እጇን ለደስታ አነሣች፤ በዚያች ቅጽበት ኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ ከጎኗ ፈትለክ ብላ ቀደመቻት። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት የአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ውዴ ሦስተኛ ሆነች። ብሩም፣ ነሐሱም ወደ ኢትዮጵያ መጣ።

ብዙ ሰው በዚያ ቀን የተቆጨው በወርቁ ነው። ነገር ግን ያችው መሰለች ከሁለት ወር በፊት በሆላንድ ዩትሬክት ከተማ ይህንኑ ርቀት በ29 ደቂቃ ከ53.80 ሰከንድ ሮጣ የአፍሪካን ክብረ ወሰን ይዛ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላም የመጀመሪያ ማራቶኗን በፍራንክፈርት ሮጣ አሸነፈች። የውዴ ታናሽ እህት ሕይወት አያሌውም በ3,000 ሜትር መሰናክል በዓለም መድረክ ከታወቁት አንዷ ሆነች። ከአንድ ቤት ሁለት እህቶች ለአገር ሮጡ ማለት ነው።

ስለ ሩጫ ካነሣን በአርሲ የምትገኘውን በቆጂን ማለፍ አይቻልም። በቆጂም እንደ ሮብ ገበያ ደጋ ናት፤ ትንሽ ናት፤ ገብስ አብቃይ ናት። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የወርቅ ሜዳይ በማግኘት ከአፍሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ የሆነችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶንን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፣ በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ ሁለት ወርቅ የወሰደችው ጥሩነሽ ዲባባ፣ ከወንዶቹም ቀነኒሳ በቀለ ከዚያው አካባቢ ናቸው። ሰዎች ምክንያቱን ከአየሩና ከከፍታው ይፈልጋሉ። አየሩ ይረዳል። ነገር ግን የበቆጂ አየር ያለው ደጋ በኢትዮጵያ ሞልቷል፤ ጮቄም ያው ደጋ ነው። በቆጂ ውስጥ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የስፖርት መምህር ነበሩ። እኚህ መምህር ወንዱንም ሴቷንም እኩል ሜዳ ላይ አሰልፈው አሠለጠኑ። በዚህም የተነሣ የበቆጂን ታላላቆች ስም ስንቆጥር ሴቶቹ ከወንዶቹ ቀድመው ይጠራሉ።

እንግዲህ ነገሩ ከላይ ከእማሆይ ገላነሽ ታሪክ ካገኘነው ጋር አንድ ነው፤ በቅርብ የሚገኝ መምህር፣ የሚፈቅድ ቤተሰብ፣ ለልጅቷ የተተወላት ጊዜ። ትንሽ ከተማ ታላቅ ሰው የምታወጣው በእነዚህ ነው።

የዛሬው ስንቅ

ዛሬ አኮፋዳ አንግባ የምትወጣ ልጅ የለችም። ስንቁ ግን አልቀረም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመንደሯ የራቀባት የገጠር ልጅ ከተማ ገብታ ከጓደኞቿ ጋር ትንሽ ክፍል ትከራያለች። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ቆሎው፣ ድንቹ ከቤት ይላክላታል። የገበያ ቀን የእናትና የልጅ መገናኛ ቀንም ነው። እናት የምትሸጠውን ይዛ ስትመጣ ለልጇ የቋጠረችውንም ይዛ ትመጣለች። የቤት ኪራዩም የሚከፈለው ከተሸጠው ድንች ወይም ከበጉ ዋጋ ላይ ነው።

በዚህ ጊዜ በየቤቱ የሚደረግ አንድ ስሌት አለ። ኑሮ ሲከብድና ሁለት ልጆች ለማስተማር አቅም ሲያጥር ስንቁ በቅድሚያ የሚቋረጠው ለማን ነው? እናቶች ሆይ፣ ይህን ጥያቄ ለራሳችሁ መልሱ። «እርሷ ሴት ናት፣ ታግባ፤ እርሱ ይማር» የሚለው ቃል የሚነገረው በአባት አንደበት ቢሆንም፣ ስንቁን የሚቋጥረው የእናት እጅ ነው። ያ እጅ ብዙ ሥልጣን አለው።

ስንቁ ሳይቋረጥ የምትቀር ልጅም ቢሆን ሌላ ችግር ይጠብቃታል። ከወንድሟ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ሲኖሩ ወጡን የምትሠራው፣ ውሃ የምትቀዳው፣ ልብሱን የምታጥበው እርሷ ናት። እርሱ ሲያጠና እርሷ እንጨት ትለቅማለች። ፈተና ደርሶ እርሱ ሲያልፍ እርሷ ብትወድቅ «ድሮም ሴት» ይባላል። የጥናት ሰዓቷን ማን እንደወሰደው የሚጠይቅ የለም። ስለሆነም ወላጆች ልጆቻቸውን ከተማ ሲያስቀምጡ ሥራውን በተራ እንዲሠሩ ማዘዝ አለባቸው። ወንዱ ልጅ ሽሮ ሠርቶ ቢበላ የሚጎድልበት ነገር የለም፤ የቆሎ ተማሪም ወንድ ሆኖ ነው ጎጆውን የጠረገውና ንፍሮውን የቀቀለው።

ሌሎችም ልብ የሚባሉ ነገሮች አሉ። ክፍል ሲከራዩ በሩ የሚቆለፍ፣ አከራይዋ የምትታወቅ ሴት፣ መንገዱ ለልጅቷ የማያስፈራ መሆኑን እናት ራሷ ሄዳ ብታይ መልካም ነው። ከአንድ መንደር የመጡ ልጃገረዶች ሦስት አራት ሆነው አብረው ቢኖሩ ኪራዩም ይቀንሳል፤ እርስ በርስም ይጠባበቃሉ። የወር አበባ ሲመጣ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሞዴስ ባለመኖሩ ብቻ በየወሩ ከትምህርት የሚቀሩ ልጆች አሉ። ይህን በስንቁ ውስጥ እንደ በርበሬው አስቦ መጨመር የእናት ፈንታ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከልጅ ጋር መነጋገር ነውር አይደለም፤ ነውሩ ልጅቷን ብቻዋን መተው ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው መቆየታቸው ጭንቀቱን አብሶታል። ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ወንዱ ልጅ ወደ እርሻ ይመለሳል፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት እርሱም ሊመለስ ይችላል። ልጅቷ ግን በዚያው መካከል ከተዳረች የመመለሷ ነገር ያጠራጥራል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ዘመን «እስኪከፈት ድረስ ትቆይ» ማለት የወላጅ ትልቁ ውለታ ነው። ደብተሯ ከሣጥን እንዳይገባ፣ ያለፈውን ትምህርቷን ማታ ማታ እንድታነብ፣ ለታናናሾቿም ፊደል እንድታስቆጥር ቢደረግ ዕውቀቷ አይዝግም።

ሰሌዳው ላይ የማን ስም ይጻፍ?

በአሜሪካ አገር በብዙ ትናንሽ ከተሞች መግቢያ ላይ «የእገሌ የትውልድ ስፍራ» የሚል ሰሌዳ ተተክሎ ይታያል። በካንሳስ ክፍለ ግዛት አቺሰን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አውሮፕላን አብራሪዋ አሚሊያ ኤርሃርት በ1897 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የተወለደችው በዚያ ነው። አሚሊያ በ1932 ብቻዋን አትላንቲክን በአውሮፕላን በማቋረጥ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። በ1937 ዓለምን ለመዞር እየበረረች ሳለ ደብዛዋ ጠፋ። የተወለደችበት የአያቶቿ ቤት ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኗል። የከተማዋ ልጃገረዶች በዚያ በር ባለፉ ቁጥር «እንደ እኛ በዚህ ሰፈር የተጫወተች ልጅ ነበረች» ብለው እንዲያስቡ ያደርጋቸዋል።

እኛም እንዲህ ያለ ነገር ብናደርግ ምን ይከለክለናል? የእማሆይ ገላነሽን ስም ስንቶቻችን ለሴት ልጆቻችን ነግረናቸዋል? መሰለች መልካሙ የደብረ ማርቆስ ልጅ መሆኗን ስንት የጮቄ ሥር ተማሪ ያውቃል? ሰሌዳው እስኪተከል መጠበቅ አያስፈልግም። መምህራን በክፍላቸው፣ እናቶች በቡና ሰዓት ይህን ቢያወሩ በቂ ነው። ወንዱን ልጅ «እንደ ሐዲስ ሁን» የምንለውን ያህል ሴቷንም «እንደ ገላነሽ ሁኚ» ብንላት ልጅቷ የምታይበት አቅጣጫ ታገኛለች።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው አባባል ከጮቄ ሥር ላሉ ቤተሰቦች እንግዳ አይደለም። ሊቃውንትን ሁሉ በእንጀራዋ ያሳደገች ሴት የራሷ ልጅ ከዕውቀት ተጠምታ ብትቀር ከዚህ የተለየ ምን ይባላል? አያቶቻችን ለማያውቁት የሰው ልጅ ከአኮፋዳ ቁራሽ አልነፈጉም። እኛ ለገዛ ልጃችን ለአሥረኛ፣ ለአሥራ አንደኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚሆን ሽሮና በርበሬ እንንፈግ? ለመጪው የትምህርት ዘመን ስንቅ ሲዘጋጅ ቋጠሮው ሁለት ይሁን፤ አንዱ ለወንዱ፣ አንዱ ለሴቷ፤ ሚዛኑም እኩል ይሁን።